ወባና ድስት ውስጥ ያለው ቅጠል

ባለፈው ጥቅምት ኮምቦልቻ አክስቴ ቤት ስገባ ምድጃው ላይ የጭቁኝ ቅጠል ይንተከተካል። ልጇ ሁለት ጋቢ ደርቦም ይንቀጠቀጣል። «አብሽር፣ ይሄን ሲጠጣ ያልበውና ይለቀዋል» አለችኝ። ጤና ጣቢያ ወስደን ጣቱን ሲወጋ ወባ ሆኖ ተገኘ።

አክስቴ ከመሬት ተነስታ አልነበረም። የወባ መድኃኒት ከእፅዋት ነው የመጣው። ኩዊኒን የተገኘው ከሲንኮና ዛፍ ቅርፊት ነው፤ «ክኒን» የምንለው ቃል ራሱ ከእሱ የመጣ ነው። ስህተቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

አንዱ ስህተት ዘመድን እንደ ባለቤቱ መቁጠር ነው። አርቴሚሲኒን የሚባለው የወባ መድኃኒት የተገኘው አርቴሚሲያ አኑዋ ከሚባል የቻይና ተክል ነው። ጭቁኝ ዘመዱ ነው፣ ግን አርቴሚሲኒን የለውም፤ ቢኖረውም ኢምንት ነው።

ትልቁ ስህተት ማፍላቱ ነው። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩም መጀመሪያ በሙቀት ሞክራ አልሆነላትም። ከ1,600 ዓመት በፊት የተጻፈ ምክር ግን ቅጠሉን በውሃ ዘፍዝፈህ ጨምቀህ ጠጣ ይላል እንጂ አፍላ አይልም። እሷም ዝቅ ባለ ሙቀት በሚተን ኤተር በሚባል ፈሳሽ አወጣችው፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ተሳካላት፣ በ2015 ኖቤል ተሸለመች። ትክክለኛው ተክል ቢገኝ እንኳ አርቴሚሲኒን በውሃ እምብዛም አይሟሟም። በአንድ ብርጭቆ ሻይ ውስጥ ስንት እንዳለ ማንም አይለካውም። ያነሰ መጠን ደግሞ ተውሳኩን ሳይጨርስ መድኃኒት ያለማምደዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ሻዩን የማይደግፈው ለዚህ ነው።

«ቅጠሉ በላብራቶሪ ወባን ገደለ» ሲባል ቶሎ አለማመን ነው። ብልቃጥ ውስጥ በረኪናም ይገድላል።

ኮአርተም የሚባለው የወባ ክኒን ሲሰጣችሁ ደግሞ «ተሻለኝ» ብላችሁ አታቋርጡ። ስድስት ጊዜ፣ በ3 ቀን ነው። በባዶ ሆድ አትውሰዱት፤ ወተት ወይም ቅባት ያለው ምግብ ሲኖር ነው ሰውነት በደንብ የሚወስደው። ቫይቫክስ የሚባለው ወባ ግን ጉበት ውስጥ ተደብቆ ስለሚመለስ ሌላ መድኃኒት ይጨመርለታል። ሳይመረመሩ ይሄን ማወቅ አይቻልም።

የእኛ የደሴ ሰዎች ስህተት ደግሞ «እዚህ ብርድ ነው፣ ወባ የለም» ማለት ነው። ባቲ ወይም ኮምቦልቻ አድራችሁ ከመጣችሁ ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላም ሊነሳባችሁ ይችላል። ትኩሳት ሲይዛችሁ የት እንደነበራችሁ ለሐኪሙ ንገሩት። ልጅ ከተንዘፈዘፈ፣ ወይም መጠጣት ካቃተው፣ በሌሊትም ቢሆን ይዛችሁት ውጡ።