ጣና ላይ ዓሣ ለማጥመድ በሰላም ወጥቶ በሰላም ለመመለስ

ባሕር ዳር፣ ዘጌ ወይም ቁንዝላ ያደገ ሰው ታንኳን ያውቃታል። ከደንገል ታስራ የምትሠራ፣ ቶሎ የማትሰጥም፣ ነገር ግን ውሃ እየጠጣች የምትከብድ ናት። በታንኳ የሚያጠምድ ሰው ጉልበቱ ክንዱ ስለሆነ ከዳር ብዙም አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ጣና ላይ ሲገቡ ግን ነገሩ ተለወጠ። ሞተር ባንድ ሰዓት የሚያደርሳችሁ ቦታ በመቅዘፊያ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ዛሬ ሐይቁ ላይ የሚያስጨንቀኝ ይህ ርቀት ነው። ስለዚህ ስትዘጋጁ ከመሄጃው ይልቅ መመለሻውን አስቡ።

ዝግጅቱ ከነዳጅ ይጀምር። ቤንዚናችሁን ለሦስት ክፈሉት፤ አንዱ እጅ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ ሦስተኛው ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ የምትነኩት ነው። ቀጥሎ ከጀሪካኑ ሥር ትንሽ ቤንዚን በንጹሕ የሃይላንድ ጠርሙስ ቅዱና ለጥቂት ደቂቃ አስቀምጡት። ውሃ ካለበት ከታች ይዘቅጥና መስመር ሠርቶ ይለያል። ይህን ያወቅሁት ከደቅ ደሴት ስንመለስ ሞተራችን ከጠፋ በኋላ ነው። ካንዴላውን ነቅለን ብናየው እርጥብ፤ መለዋወጫ አልያዝንም። መቅዘፊያችን አንድ ብቻ ስለነበር ሁለት ሰዎች እየተፈራረቅን ዳር የደረስነው ከመሸ በኋላ ነው። አሁን ሁለት መቅዘፊያ፣ ሁለት ካንዴላና የካንዴላ መፍቻ ሳልይዝ አልወጣም።

ለመንሳፈፊያ ከሁሉም የሚሻለው ላይፍ ጃኬት ነው። ከጀልባው ወለል ላይ የተነጠፈ ጃኬት ግን ማንንም አያድንም፤ ማሰሪያው ተጠብቆ ሰውነት ላይ መሆን አለበት። ሲያስሩት ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት፤ አገጭን ካለፈ ልል ነው። ጃኬት የሌለው ሰው ቢያንስ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ባዶ ጀሪካን ገመድ አስሮ አጠገቡ ያድርግ። ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን 20 ኪሎ ገደማ ይሸከማል፤ ሰው ደግሞ አፍንጫውን ከውሃ በላይ ለማቆየት የሚያስፈልገው ከ5 ኪሎ ብዙም አይበልጥም። የጃኬት ምትክ አይደለም፣ ባዶ እጅ ከመሆን ግን እጅግ ይሻላል። ጋቢ ለብሶ ጀልባ ላይ መቀመጥም ይቅር፤ ውሃ ሲጠጣ ይጎትታል።

ወደ ስልክ እንምጣ። ከሞተር ቀጥሎ አሳ አጥማጁን የለወጠው እሱ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፤ የስልኩ ጂፒኤስ ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል፤ ኔትወርክ የሚፈልገው ካርታው ነው። ስለዚህ ገና ከቤት ሳትወጡ በጉግል ማፕስ የጣናን ካርታ ስልካችሁ ላይ አውርዱ፤ የምትነሡበትንም ወደብ ምልክት አድርጉበት። ጉም ቢወርድ ወይም ቢመሽ አቅጣጫው በእጃችሁ ነው። ኔትወርክ ባለበት አካባቢ ደግሞ ያላችሁበትን ቦታ በቴሌግራም ለ8 ሰዓት ለቤተሰብ ማጋራት ትችላላችሁ። ስልኩን በሁለት ፌስታል ጠቅልሉት፤ የመጀመሪያውን አፍ አዙራችሁ ቋጥሩ፣ በሁለተኛው ገልብጣችሁ አግቡና እንደገና ቋጥሩ። በፌስታሉ ላይ መነካካት ስለሚቻል መፍታት አያስፈልግም። የእጅ ባትሪና ፊሽካም ያዙ። ባትሪው ለጨለማ ነው፤ ፊሽካው ድምፃችሁ ሲደክም ይጮኽላችኋል።

ዓሣ የሚያሳየው መሣሪያም እየታወቀ ነው። ድምፅ ወደ ታች ልኮ፣ ከወለሉና ከዓሣው ተመልሶ የሚመጣውን ይለካል። በካናዳና በፊንላንድ ሐይቁ ሲጋገር በረዶውን በስተው የሚያጠምዱ ሰዎችም ይህንኑ ይጠቀሙበታል። እነሱ መጀመሪያ የሚለኩት ግን ዓሣውን ሳይሆን በረዶውን ነው፤ ለእግረኛ ጠንካራና ጥርት ያለ በረዶ ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ካልሆነ አይረግጡም። የእኛ በረዶ ነፋሱ ነው።

ጣና ሰፊ ነው፣ ጥልቀቱ ግን ትንሽ ነው፤ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። በሰፊና ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ነፋስ ሲነሣ ሞገዱ አጭርና ተደራራቢ ይሆናል፤ አንዱን ሳትጨርሱ ሌላው ይመጣል። ጠዋት እንደ መስታወት የነበረው ውሃ ከሰዓት በኋላ ይናወጣል። ንጋት 12 ሰዓት ውጡ፣ ከቀኑ 5 ሰዓት ገደማ ፊታችሁን ወደ ዳር አዙሩ። ማዕበል ከያዛችሁ ሞተሩን ቀስ አድርጉ፤ ሞገዱን በጀልባው አፍንጫ በትንሹ ሰያፍ ተቀበሉት፤ ጎናችሁን አትስጡት፤ ሁሉም ወለል ላይ ይቀመጥ። ክረምት ላይ ደግሞ ነጎድጓድ ከሰማችሁ መረቡን ጥላችሁ ውጡ። መረብ ይተካል።

መረብ ስትጎትቱ ሞተሩ ይጥፋ፤ ናይሎኑ ከማሽከርከሪያው ከተጠመጠመ በውሃ መሐል መፍታት ከባድ ነው። ስለታም ቢላዋ በገመድ አስሩ፣ እጅ ወይም እግር ቢያዝ በሰከንድ መቁረጥ እንድትችሉ። በክረምት ነጭ አሳው ለመራባት ወደ ወንዞች ስለሚወጣ የወንዝ አፍ ላይ መረብ አትዘርጉ፤ ያ ዓሣ ካልተራባ የሚቀጥለው ዓመት ጀልባ ባዶ ይመለሳል። ንጋትና ምሽት ደንገሉ ጥግ ጉማሬ ስለሚኖር ራቅ ብላችሁ እለፉ። እምቦጭ ውስጥም በሞተር አትግቡ፤ ሥሩ ማሽከርከሪያውን ያስረዋል።

ሰው ውሃ ውስጥ ከወደቀ ዘላችሁ አትግቡ። የሚሰምጥ ሰው ያገኘውን ሁሉ ይጨብጣል፣ እናንተንም። ጀሪካኑን ወርውሩለት፣ መቅዘፊያ ዘርጉለት፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ ቅረቡት። ካወጣችሁት በኋላ ውሃ ለማስተፋት ብላችሁ ሆዱን አትጫኑ፤ ጊዜ ታባክናላችሁ። መተንፈስ ካቆመ አፍንጫውን ይዛችሁ ወዲያውኑ አፍ በአፍ ትንፋሽ ስጡት፤ ምላሽ ከሌለው ደረቱን መሐል ላይ እየተጫናችሁ ወደ ዳር ገስግሱ።

ስትመለሱ ታንኳ ከሆነ ቀጥ አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ አቁሙት፤ የጠጣው ውሃ ሲወጣ ነገ ቀልሎ ይጠብቃችኋል። ከዚያ በፊት ግን ስትወጡ «በዚህ ሰዓት እመለሳለሁ» ብላችሁ የነገራችሁት ሰው አለና ደውሉለት።