ድሮኔ የሚቀርጸው ቪዲዮ ለምን ይቆራረጥ ነበር?

ከዴንቨር ወጣ ብሎ ካለ ሜዳ ላይ የቀረጽኩት ቪዲዮ ሁሉ እየተቆራረጠ አስቸገረኝ። ድሮኑን ወደ ጎን ሳዞር አጥሩ ቋሚ በቋሚ ይዘላል። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሚሞሪ ካርዱን ነው፤ አዲስ ገዛሁ፣ ብሬን በላ እንጂ ለውጥ የለም። ለካ ጥፋቱ የሸተር ፍጥነቱ፣ ማለትም ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ ኖሯል! አውቶ ላይ ስለተውኩት በዚያ ፀሐይ 1/2000 ሴኮንድ ደርሷል። እያንዳንዱ ፍሬም (የቪዲዮው ነጠላ ምስል) እንደ ፎቶ ጥርት ሲል ዓይን መዝለሉን ይይዘዋል። ብርሃን የሚቀንስ ጠቆር ያለ መስታወት፣ ኤንዲ 32 ፊልተር ገጥሜ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ትብነት) 100 ላይ ትቼ፣ ሸተሩን 1/60 አደረግኩት፤ በሴኮንድ 30 ፍሬም ስለምቀርጽ እጥፉ መሆኑ ነው። አሁን አጥሩ እየተንሸራተተ ያልፋል። ፊልተሩን ግን ድሮኑን ሳታበሩ ግጠሙት፤ እኔ በርቶ ሳለ ስነካው ካሜራውን አረጋግቶ የሚይዘው ጊምባል ተንቀጥቅጦ አስደነገጠኝ። ለእማዬ በቴሌግራም የምልክላት ደግሞ በፋይል መልክ ነው፤ በቪዲዮ ከሆነ ጨምቆ ያደበዝዘዋል።