የጌታን ሥራ እየሠሩ ከጌታ ላለመራቅ

በወንጌል ተልዕኮ ላይ ያለ ሰው ቀኑ እንዴት እንደሚያልቅ ያለበት ያውቀዋል። ጠዋት ጉብኝት፣ ከሰዓት የደቀ መዝሙር ትምህርት፣ ማታ የጸሎት ፕሮግራም፣ በመሃል ደግሞ የታመመ አለ፣ የተጣሉ ባልና ሚስት አሉ፣ ለላኪዋ ቤተ ክርስቲያን የሚጻፍ ሪፖርት አለ፣ ስልኩም ዝም አይልም። ሁሉም መልካም ሥራ ነው። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። ክፉ ነገር ቢሆን ትተነው እንሸሽ ነበር። መልካም ነገር ሲያደክመን ግን ማቆሙ ራሱ ኃጢአት ይመስለናል።

ይህን የምጽፈው እየደከማችሁ ለማንም ላልተናገራችሁ ነው። "እረፉ" ማለት ቀላል ነው። እንዴት እንደሚታረፍ ግን ብዙ ጊዜ የሚነግረን የለም።

ለስብከት ማንበብ እና ለራስ ማንበብ

ከዕረፍት ቀን በፊት ስለዚህ ማውራት አለብን፣ ምክንያቱም የአገልጋይ ድርቀት በቀላሉ አይታወቅም። ሌላው ሰው ከእግዚአብሔር ሲርቅ መጽሐፍ ቅዱሱ አቧራ ይለብሳል። አገልጋይ ግን ርቆም በየቀኑ ያነባል፣ እሁድ ይሰብካላ። በየቀኑ ይጸልያል፣ ፕሮግራሙን የሚመራው እሱ ነው። ስለዚህ እሱም የራቀ አይመስለውም፣ ሌላውም አይጠረጥረውም። ቃሉን ሲከፍት ግን ልቡ "ይህ ለእነ እገሌ ይሆናል" ይላል፤ ለራሱ የተባለውን ሳይሰማ ለሌላ ሊያደርስ ይነሳል።

እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ። አንድ ጥቅስ አንብባችሁ፣ ልባችሁን ነክቷችሁ፣ ለማንም ሳትናገሩት ለራሳችሁ የያዛችሁት መቼ ነው? ስለ አገልግሎት ያልሆነ ነገር፣ ስለ ፍርሃታችሁ ወይም ስለ ትዳራችሁ፣ ለጌታ በግልጽ የነገራችሁትስ? መልሱ ቶሎ ካልመጣላችሁ መጀመር ያለባችሁ ከዚህ ነው።

እንዲህ አድርጉ። ለጥሞና ጊዜያችሁ አሁን ከምታስተምሩት የተለየ የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ምረጡ። ሮሜን እያስተማራችሁ ከሆነ ለራሳችሁ ዘፍጥረትን ወይም መዝሙርን አንብቡ። ከስልክ ሳይሆን ከወረቀት አንብቡ፣ ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። የስብከት ሐሳብ ይመጣል፣ መምጣቱ አይቀርም። በቁራጭ ወረቀት አንድ መስመር ጻፉትና ተመለሱ፣ እዚያው ላይ አታስፋፉት። ብዙ ምዕራፍ ለመጨረስም አትሩጡ፤ ጥቂት ቁጥሮችን ደጋግሞ፣ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ለደከመ አእምሮ ይሻላል።

ጸሎቱንም በእውነቱ ጀምሩ። ደክማችሁ ከሆነ "ደክሞኛል" በሉ። በሰው ተቆጥታችሁም ከሆነ ንገሩት። መዝሙር 88 ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጨለማ ውስጥ ያለ ሰው ጸሎት ነው፣ መጨረሻ ላይም ብርሃን አይወጣም፣ ግን በቅዱስ ቃሉ ውስጥ ተቀምጧል። አገልጋይ ስለሆናችሁ ብቻ አሳምራችሁ መጸለይ የለባችሁም።

ሰዓቱን በተመለከተ ግን በራሳችሁ ላይ ሕግ አታብዙ። ኢየሱስ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ እንደጸለየ ማርቆስ 1፥35 ይነግረናል። ሌሊቱን ሙሉ እንደጸለየም ሉቃስ 6፥12 ላይ አለ። ሕፃን የምታጠባ እናት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ካልተነሣች መንፈሳዊ አይደለችም የሚል ትምህርት እኔ ከየት እንደመጣ አይገባኝም። ልትጠብቁት የምትችሉትን ትንሽ ሰዓት ያዙና ጠብቁት።

"መከሩ ብዙ ነው" ለሚል ኅሊና

ዕረፍት ስታስቡ ኅሊናችሁ ወዲያው የሚያወጣው ጥቅስ ይሄ ነው፦ መከሩ ብዙ ነው፣ ሠራተኞቹ ጥቂቶች ናቸው። እውነት ነው። ግን የሚቀጥለውን ቁጥር አንብቡት፣ ማቴዎስ 9፥38። ጌታ ያለው "ስለዚህ ፈጥናችሁ ሩጡ" አይደለም። የመከሩን ጌታ ሠራተኞች እንዲልክ ለምኑ ነው ያለው። መከሩ ባለቤት አለው፣ ባለቤቱም እናንተ አይደላችሁም።

ዘጸአት 34፥21ም አለ። የሰባተኛው ቀን ዕረፍት በእርሻና በአጨዳ ጊዜም ጭምር እንዲጠበቅ ያዝዛል። ሥራ በላላበት ወቅት ማረፍማ ማንንም አያስቸግርም፤ ትእዛዙ የመጣው ሁሉም ሰው "አሁን እንኳ አይሆንም" በሚልበት ወቅት ላይ ነው።

ጌታ ራሱ የሠራበትን መንገድም ተመልከቱ። በቅፍርናሆም ማታውን ብዙ በሽተኞችን ፈወሰ። ጠዋት ስምዖን መጥቶ ሁሉ ይፈልጉሃል ሲለው ወደ ሌላ መንደር እንሂድ አለ። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ብዙ በሽተኞች ተኝተው ነበር፣ ዮሐንስ 5 የሚነግረን ግን ስለ አንዱ መፈወስ ነው። ያልተነካ ሥራ ትቶ መሄድ ሁልጊዜ ቸልተኝነት ቢሆን ኖሮ እነዚህን ቦታዎች እንዴት እናነባቸዋለን?

ቀኑን መያዝ

አሁን ወደ ካላንደር እንምጣ። እሁድ ለአብዛኛው አገልጋይ የሥራ ቀን ነው፣ ስለዚህ "እሁድ አርፋለሁ" ብላችሁ ራሳችሁን አትሸንግሉ። ሌላ ቀን ምረጡ፣ በየሳምንቱ ያው ቀን ይሁን፣ ከሌላው ቀጠሮ ሁሉ በፊትም ካላንደሩ ላይ ይግባ። የተረፈ ሰዓት ላይ አርፋለሁ ያለ ሰው የተረፈ ሰዓት አያገኝም።

ቀኑን ከዋዜማው ማታ ጀምሩት። በመጽሐፍ ቅዱስም ሰንበት ከማታ እስከ ማታ ነበር፣ ይሄ ደግሞ ለሥራ ሰው በጣም ይረዳል፦ ማታውን ያልጨረሳችሁትን ሁሉ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ታስቀምጣላችሁ፣ ስልኩን ትዘጋላችሁ፣ የዕረፍታችሁም የመጀመሪያው ሥራ መተኛት ይሆናል። እንቅልፍ መንፈሳዊ አይደለም የሚል ካለ መዝሙር 127፥2ን ያንብብ።

ስልክ መዝጋት የሚያስፈራችሁ ድንገተኛ ነገር ቢመጣስ ብላችሁ ከሆነ አንድ የሥራ ባልደረባ ያዙ። በእናንተ ቀን እሱ ይመልሳል፣ በእሱ ቀን እናንተ። በእውነት የማይቆይ ነገር ከመጣ ደጃፍ ድረስ መጥቶ ያንኳኳል። ለምታገለግሏቸው ሰዎችም ቀድማችሁ ንገሯቸው። መጀመሪያ ቅር የሚለው አይጠፋም፣ ግን መሪያቸው ሲያርፍ ያዩ አዲስ አማኞች እነሱም ያለ ፍርሃት ማረፍን ይማራሉ። ሳታርፉ የምታገለግሉ ከሆነም ያንኑ ነው የሚማሩት።

ቀኑ ውስጥ ምን ይደረግ? የሚያሳርፋችሁን። ከሰው ጋር የሚውል ብቻውን በእግር ይሂድ። ብቻውን ሲተረጉም ወይም ሲጽፍ የሚውል ደግሞ ከወዳጅ ጋር ይጫወት። ከልጆቻችሁ ጋር ስትሆኑ ስለ አገልግሎት አታውሩ። የአገልጋይ ልጅ ቤተ ክርስቲያንን አባቱን የወሰደችበት ቤት አድርጎ ሲያስብ ማየት ልብ ይሰብራል።

ዕረፍቱ ሲቋረጥ

ይቋረጣል። በማርቆስ 6 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ከተልዕኮ ሲመለሱ ለመብላት እንኳ ጊዜ አጥተው ነበር። ጌታ ወደ ብቸኛ ቦታ ኑና እረፉ አላቸው፣ በጀልባ ሄዱ፣ ሕዝቡ ግን በእግር ሮጦ ቀደማቸው። ጌታ አዘነላቸው እንጂ አላባረራቸውም። አስተማራቸው፣ መገባቸውም። ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመውና "አየህ፣ ዕረፍት ይቀራል" ይላል። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን እዩት፦ ደቀ መዛሙርቱን በጀልባ አስቀድሞ ላካቸው፣ ሕዝቡን ራሱ አሰናበተ፣ ሊጸልይም ወደ ተራራ ወጣ። ዕረፍቱ ወደ ሌላ ሰዓት ተዛወረ እንጂ አልተሰረዘም። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ቀናችሁን ለቅሶ ወይም ሆስፒታል ከወሰደው በዚያው ሳምንት ምትክ ሰዓት ያዙ፣ ያኔውኑ፣ ሳትረሱት።

ሸክሙን ማካፈል

ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ሲፈርድ አማቱ ዮቶር አይቶ የምታደርገው መልካም አይደለም አለው፣ አንተም ሕዝቡም ትደክማላችሁ ብሎ (ዘጸአት 18)። ሕዝቡም ማለቱን ልብ በሉ። ሁሉን ብቻውን የሚይዝ መሪ ሰዎቹን ቀኑን ሙሉ ወረፋ ያስጠብቃቸዋል። ሐዋርያትም በሐዋርያት ሥራ 6 የማዕዱን አገልግሎት ለሰባት ሰዎች የሰጡት ሥራው ተራ ስለሆነ አልነበረም፣ ጸሎትና ቃሉ እንዳይቀርባቸው ነው።

ስለዚህ የምትሠሩትን ሁሉ ዘርዝሩ። ሌላ ሰው ሊሠራው የሚችለውን ምልክት አድርጉበት፣ ከእናንተ ትንሽ አንሶ ቢሠራውም እንኳ። አንዱን በዚህ ወር አስረክቡ። አዲስ ግብዣ ሲመጣም ወዲያው "እሺ" አትበሉ። "ነገ ልመልስላችሁ" በቂ ነው። እምቢ ስትሉ ደግሞ ረጅም ምክንያት አትደርድሩ፦ "ስላሰባችሁኝ ተባረኩ፣ በዚህ ወቅት አልችልም።"

ላኪ ቤተ ክርስቲያናትም ድርሻ አላችሁ። ሚሽነሪ ለጥቂት ወራት ወደ ቤቱ ሲመለስ በየሳምንቱ የሚሰብክበት ቦታ አትደርድሩለት። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ልቀቁለት። ሪፖርቱም ላይ ስንት ሰው እንደዳነ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንዳለ ጠይቁት።

ዴቪድ ብሬነርድ በአሜሪካ ነባር ሕዝቦች መካከል ወንጌል የሰበከ ወጣት ነበር። በ1747 በ29 ዓመቱ በሳንባ በሽታ አረፈ። ቅንዓቱ ብዙዎችን ለተልዕኮ አነሣሥቷል። ታሪኩን ለሕትመት ያበቃው ጆናታን ኤድዋርድስ እጅግ ይወደው ነበር፣ ሆኖም ድካሙን ከአቅሙ ጋር አላመጣጠነም ብሎ በግልጽ ጽፏል። ሰውን ማክበርና ይህንን ጉድለቱን አለመከተል አብረው ይሄዳሉ።

ከአቅም በላይ ከሆነ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ከሥራ ጫና የሚመጣ መዛልን ሲገልጽ ሦስት ምልክቶችን አስቀምጧል፦ ጉልበት ማለቅ፣ ከሥራው በልብ መራቅና መሰልቸት፣ ሥራውንም እንደ ቀድሞው መሥራት አለመቻል። በአገልጋይ ላይ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ሰውን በመጥላት ይታያል። በር ሲንኳኳ ከተናደዳችሁ፣ የምትወዷቸው ሰዎች ሸክም ብቻ ከሆኑባችሁ፣ የሳምንት አንድ ቀን አይበቃችሁም። ለላኪያችሁ ወይም ለሽማግሌዎቻችሁ ንገሩ፣ ሐኪም እዩ፣ ለተወሰነ ጊዜም ከሥራው ውጡ። እንቅልፍ እምቢ ካለ ወይም የመሞት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ቀን አታሳድሩ፣ ዛሬውኑ ለሰው ተናገሩ።

ኤልያስም ሞትን ለምኗል። 1 ነገሥት 19 ላይ እግዚአብሔር አልገሠጸውም። መጀመሪያ እንዲተኛ ተወው፣ መልአኩ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፣ እንደገና ተኛ፣ እንደገና በላ። "ኤልያስ ሆይ፣ በዚህ ምን ታደርጋለህ?" የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ ወደ ኮሬብ ተራራ ሲደርስ ነው። ወደ ሥራው ሲመልሰውም ኤልሳዕን እንዲቀባ አዘዘው፣ ለበኣል ያልተንበረከኩ 7000 ሰዎች እንዳሉም ነገረው። እናንተም ስትመለሱ ወደዚያው ብቸኝነት አትመለሱ። ከመሪዎቻችሁ ጋር ቁጭ በሉና የትኛውን ሥራ ማን እንደሚወስድ፣ የዕረፍት ቀናችሁ የቱ እንደሆነ፣ እየጠራ "አንተስ እንዴት ነህ? አንቺስ?" የሚላችሁ ሰው ማን እንደሚሆን በጽሑፍ ተስማሙ፤ ሥራውን ከዚያ በኋላ ጀምሩ።