ቤቲንግ ቤት መሀል ከተማ ሊከፈት ነው ሲባል ምን ይደረግ

ወሬው ከጽሕፈት ቤት አይመጣም፣ ከቀለም ቀቢ ነው የሚመጣው። የተዘጋ ሱቅ ውስጥ ግድግዳ ሲቀባ፣ የቲቪ መስቀያ ብረት በአንዴ አራት አምስት ሲገጠም፣ ካሸር የሚቀመጥበት ቦታ በፍርግርግ ሲታጠር ካያችሁ ያ ቤት ሻይ ቤት አይደለም፣ ቤቲንግ (የኳስ ውርርድ) ቤት ነው። ያን ቀን ካልተነሳችሁ በኋላ ይከብዳል።

እኛ ደብረ ብርሃን በኛ ሰፈር አንዴ ተሸንፈን አንዴ አሸንፈናል፣ ሸዋሮቢት ያለችው የአክስቴ ልጅ እነሱም ጋ ሊከፈት ነው መሰለኝ "እንዴት አረጋችሁት" እያለች ስትነዘንዘኝ በቮይስ ከምዘባርቅ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ የተሸነፍንበትን ልናገር። 200 ፊርማ ሰበሰብን፣ ግማሹ ስም ብቻ ነው ግማሹ ደግሞ ጭረት ነው፣ ደብዳቤውን የጻፈው ልጅ ንዴቱን በሙሉ ወረቀቱ ላይ አፈሰሰው፣ ትውልድ ገዳይ ምናምን እያለ። ጽሕፈት ቤት ስንሄድ የተቀበለን ሰውዬ አንዴ አየውና "ይሄ የማን ፊርማ ነው? የቤት ቁጥር የለው፣ ስልክ የለው" አለን። ልክ ነበር እኮ። እሱን እስክናስተካክል ቤቱ ተከፍቶ ልጆቹ ቲኬት መቁረጥ ጀምረው ነበር።

ስለዚህ ከፊርማ አትጀምሩ። ከአከራይ ጀምሩ።

ይሄን ብዙ ሰው ይንቀዋል ግን ቤቲንግ ቤት ያለ ቤት አይከፈትም፣ መሀል ከተማ በር ላይ ያለ ሱቅ ደግሞ የሆነ የምታውቁት ሰው ነው ያለው። ሽማግሌ ላኩ። ወጣት አትላኩ፣ እኔንም አትላኩኝ። የእድር ዳኛው፣ አንድ ቄስ፣ አካባቢው ላይ ሙስሊም ጎረቤቶች ካሉ (ሸዋሮቢት እኮ አሉ) አንድ ሼህ፣ አንዲት ልጅ ያሳደገች እናት፣ ሦስት አራት ሰው በቂ ነው፣ ከዛ ከበዛ ክስ ይመስላል። ጠዋት ሳይሆን ማታ፣ አከራዩ የሚኖርበት ቤት ነው እንጂ ሱቁ በር ላይ አይደለም።

ያሸነፍን ጊዜ የኛዋ አከራይ ባሏ የሞተባት ትልቅ ሴት ናት። ሽማግሌዎቹ "እትዬ፣ ልጆቻችን ይበላሻሉ" ሲሏት ዝም ብላ ሰማቻቸውና "ልክ ናችሁ፣ እነሱ ግን የስድስት ወር በአንዴ ነው የሚሰጡኝ፣ እናንተ ትሰጡኛላችሁ?" አለቻቸው። ሽማግሌዎቹ አፈሩ፣ ቡናቸውን ጠጥተው ወጡ። ሰው ይቺን ጥያቄ ሳያስብ ነው የሚሄደው። በሁለተኛው ዙር ፎቶ ኮፒ ቤት ሊከፍት ቦታ የሚፈልግ ልጅ ይዘው ሄዱ፣ የሦስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ነበረው፣ የጎደለውን ከእድሩ ሰዎች አንዳንዶቹ አበደሩት። ባዶ እጅ ሄዶ ሰው ገቢውን እንዲተው መለመን ትንሽ ነውርም ነው እኮ።

አንድ ነገር እዚህ ጋ፣ ቀብድ መቀበሏን መጀመሪያ ጠይቁ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ የ1952ቱ፣ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካፈረሰ እጥፉን ነው የሚመልሰው። 20,000 ከተቀበለች 40,000 ልትከፍል ነው ማለት ነው። ተቀብላ ከሆነ እጥፉን ማን እንደሚሸፍን ሳትነጋገሩ "አፍርሺ" አትበሏት፣ ውል ተፈርሞ ከሆነ ደግሞ ተዉአት፣ ጣጣው እሷ ላይ ነው የሚመጣው።

አከራይ እምቢ ካለች/ካለ ወደ ወረቀቱ። ሰው ሁሉ ቀበሌ ይሮጣል፣ ግን የሎተሪና የቁማር ነገር ፈቃድ የብሔራዊ ሎተሪ ጉዳይ ሆኖ ነው የቆየው፣ ከጃንሆይ ጊዜ ከ1954 ጀምሮ ያለ መስሪያ ቤት ነው። ቀበሌው ልሰርዝ ቢል እንኳ ነገ ባለቤቱ ከላይ ወረቀት ይዞ ይመጣል። 2014 ላይ አዲስ አበባ ቤቲንግ ቤቶች በጅምላ ሲታሸጉ ትዝ ይላችኋል፣ ያኔም ክርክሩ ፈቃድ የሚሰጠው ሌላ የሚያሽገው ሌላ የሚል ነበር። ስለዚህ ሁለት ነገር ጠይቁ፣ ድርጅቱ ከላይ ያለው ፈቃድ፣ እና በዚህ ቤት አድራሻ ከከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት የወጣ ንግድ ፈቃድ። ንግድ ፈቃዱ ላይ የተጻፈው የሥራ ዘርፍ ሌላ ሆኖ ቢገኝ (ካፌ ምናምን) ከዛ በላይ ክርክር አያስፈልጋችሁም።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ይሁን። ጉዳዩ ብላችሁ በአንድ መስመር፣ ከዛ የምታዩትን ብቻ። "ትውልድ እየጠፋ ነው" ከምትሉ "ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ቤቱ በር 140 እርምጃ ነው፣ ተማሪው ሲወጣ በዚህ ነው የሚያልፈው" በሉ፣ እርምጃውን ራሳችሁ ቁጠሩት። ቤቲንጎቹ ራሳቸው ፖስተራቸው ላይ 21+ ብለው ይለጥፋሉ፣ ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ሲገባ ካያችሁ ቀንና ሰዓት መዝግቡ፣ የልጁን ፊት ግን ፎቶ አታንሱ፣ የሰው ልጅ ነው። ፊርማው ላይ ሙሉ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ። እንደዚህ ሆኖ 60 ሰው ከ200 ጭረት ይበልጣል። የእድሩን ቃለ ጉባኤ ከነማህተሙ አያይዙ፣ ግልባጭ ለከንቲባ ጽሕፈት ቤት፣ ለፖሊስ፣ ለሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት። እና እባካችሁ በሰው እጅ አትስጡ! መዝገብ ቤት አስገቡትና ቁጥሩንና ቀኑን የራሳችሁ ኮፒ ላይ አስጽፉ፣ ቁጥር የሌለው ደብዳቤ እዛ አልደረሰም ነው የሚባለው።

ሰልፍ እንውጣ የሚል ሁሌም አይጠፋም። መብት ነው፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ላይ አለ፣ በአዋጅ ቁጥር 3/1983 ደግሞ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ አለባችሁ። እኔ ግን አሁን ባለንበት ሁኔታ በኛ አካባቢ ሰው ሰብስቤ መንገድ አልወጣም፣ ስለ ቤቲንግ የጀመራችሁት ስለ ሌላ ነገር ሆኖ ያልቃል። ጠርሙስ መወርወርማ ጭራሽ አይታሰብም፣ ያኔ ተበዳዩ እነሱ ናቸው።

"ልጁ እንደሆነ በስልኩ በቴሌብር ይጫወታል፣ ቤቱን ብትዘጉት ምን ዋጋ አለው" ይሏችኋል። እውነት አለው፣ አትካዱ። ግን ቤቱ ውስጥ ወንበር አለ፣ ጓደኛ አለ፣ ጨዋታ ባይኖር እንኳ በየሁለት ደቂቃው ቲቪው ላይ የሚሮጥ የቨርቹዋል (በኮምፒውተር የተሠራ) ውሻ አለ፣ የቀን ሥራ ሠርቶ ብር በጥሬው የያዘ ልጅ በዛ በር ነው የሚያልፈው። የሰፈራችን ልጅ ነው ይሄን የነገረኝ፣ "አንድ ጨዋታ ነው ቲኬቴን ያበላሸብኝ" እያለ ሁለት ዓመት የቆየ። ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ እሱም አብሮ እንዲሄድ ጠይቀነው እምቢ አለ፣ አፈረ። አልገፋነውም። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሲከፈት ግን ጄኔሬተሩን ተሸክሞ ያስገባው እሱ ነው።