የተጨነቀ ልጅ ፍርሃቱን ይዞ እንዲራመድ እንዴት እናግዘው?

ጠዋት ጠዋት «ሆዴን አመመኝ» ብሎ ከትምህርት ቤት የሚቀር፣ ሰው ፊት ሲቆም ላብ የሚያጠምቀው፣ ፈተና ሲደርስ እንቅልፍ የሚያጣ ልጅ ጅማ ውስጥ በየሰፈሩ አለ። እኛ ወይ «አይዞህ፣ ምንም የለም» እንላለን፣ ወይ አዝነን ቤት እናውለዋለን። ቤት ሲውል ለጊዜው ቀለል ይለዋል፤ ያው እፎይታ ግን ነገም መቅረትን ያስተምረዋል።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ስቲቨን ሄይስና ባልደረቦቹ የጀመሩት፣ ፍርሃትን በመቀበል ላይ የተመሠረተ ሕክምና ፍርሃቱ እስኪጠፋ አይጠብቅም። ልጁ እየፈራም ቢሆን የሚወደውን ነገር እንዲያደርግ ያለማምደዋል። ከዚህ ውስጥ ቤት የሚሞከረው የሚከተለው ነው።

1. መነሻውን አጣሩ። የሆድ ሕመሙን ሐኪም ይየው። ልጁን የሚመታው ወይም የሚያስፈራራው ሰው ካለ «ፍርሃትህን ተቀበል» አይባልም፤ መጀመሪያ ጥቃቱ ይቁም።

2. ፍርሃቱ ሰውነቱ ላይ የት እንደሚሰማው ጠይቁት። ትንሽ ልጅ ቢስለው ይቀለዋል። ጎረምሳ ግን ፊት ለፊት አስቀምጠው ሲጠይቁት ይዘጋል፤ ቡና ስትለቅሙ ወይም ወደ ሄርማታ ገበያ አብራችሁ ስትሄዱ ይሻላል።

3. ሐሳቡን እንደ ሐሳብ ይየው። ልጅቷ «እወድቃለሁ» ስትል «አትወድቂም፣ ጎበዝ ነሽ» ብላችሁ አትከራከሯት፤ ማታውኑ ተመልሳ ትጠይቃችኋለች። ይልቅ «እወድቃለሁ የሚል ሐሳብ መጣብኝ» ብላ እንድትናገረው አለማምዷት። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ለእኔ ግን ከሁሉም እርምጃ የሚበልጠው ይህ ነው። ሐሳቡ እውነት ይሁን ውሸት ሳትሟገት፣ መምጣቱን አይታ ወደ ደብተሯ መመለስ ትችላለች።

4. ለስሜቱ ቦታ ይስጠው። እግሩን መሬት ላይ አሳርፎ፣ ቀስ ብሎ እየተነፈሰ፣ ደረቱ ወይም ሆዱ የሚጨነቅበትን ቦታ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ያስተውል። ይህ ፍርሃቱን ለማባረር አይደለም። ስሜቱ ባይሄድም ልምምዱ አልከሸፈም፤ ይህንን አስቀድማችሁ ንገሩት።

5. «ባትፈራ ኖሮ ምን ታደርግ ነበር?» በሉት። መልሱ የራሱ ይሁን፤ «ዶክተር መሆን» ብዙ ጊዜ የእኛ ምኞት ነው። ኳስ መጫወት ወይም ጓደኛ ማግኘት ይበቃል። ከዚያ ወደ መረጠው ነገር የሚወስድ ትንሽ እርምጃ አብራችሁ ምረጡ። ክፍል ውስጥ መናገር የምትፈራ ልጅ መጀመሪያ ሱቅ ሄዳ ራሷ ዳቦ ትግዛ፤ ቀጥሎ በዕረፍት ሰዓት መምህሯን አንድ ጥያቄ ትጠይቅ፤ ከዚያ እጇን ታውጣ። ፍርሃት ባጃጅ ውስጥ እንደሚጮህ ተሳፋሪ ነው፤ ቢጮህም መሪው በሹፌሩ፣ ማለትም በልጁ እጅ ነው፤ ልጆች በዚህ ምሳሌ ቶሎ ይገባቸዋል።

6. ስታመሰግኑ «አልፈራሽም» አትበሉ። «እየፈራሽም ሄድሽ» በሏት።

ጭንቀቱ ለሳምንታት ትምህርት፣ እንቅልፍ ወይም ምግብ ከከለከለው ወደ ባለሙያ ውሰዱት፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አለው። ስለ መሞት ካወራ ወይም ራሱን ከጎዳ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ብቻውን ሳትተዉት በዚያው ቀን ውሰዱት።