አስቸጋሪ ሱዶኩን ያለ ግምት እንዴት መፍታት ይቻላል

ቀላል ሱዶኩ በአንድ ረድፍ፣ በአንድ ዓምድ ወይም ሦስት በሦስት በሆነው ሳጥን ውስጥ የጎደለውን ቁጥር እየፈለጉ በመሙላት ያልቃል። አስቸጋሪው ግን ጥቂት ቤቶች ከተሞሉ በኋላ ይዘጋል፤ ብዙ ሰዎችም እዚህ ላይ ሲደርሱ አንዱን ቁጥር በግምት አስገብተው የሚሆነውን መጠበቅ ይጀምራሉ። ይህ የጨዋታውን ዋና ደስታ ያሳጣል፤ ምክንያቱም ከዚህ በታች የተገለጹት ዘዴዎች ሁሉ ያለ ግምት ወደፊት ለመራመድ የሚያስችሉ ናቸው። የሚሠሩትም በአንድ መንገድ ነው፦ የትኛው ቁጥር የት እንደሚገባ ከመጠየቅ ይልቅ የትኛው የት ሊገባ እንደማይችል ይጠይቃሉ።

የተሰጡት ቁጥሮች ማነስ ብቻውን ሱዶኩን አስቸጋሪ አያደርገውም። በጋሪ ማክጓየር የተመራ የደብሊን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2012 በኮምፒውተር እንዳረጋገጠው፣ አንድ ሱዶኩ ብቸኛ መፍትሔ እንዲኖረው ቢያንስ 17 ቁጥሮች ሊሰጡ ይገባል፤ ሆኖም 17 ብቻ ተሰጥተው በቀላሉ የሚፈቱ አሉ፣ ከዚያ በላይ ተሰጥተውም ልምድ ያለውን ሰው የሚፈትኑ አሉ።

በመጀመሪያ በእያንዳንዱ ባዶ ቤት ውስጥ ሊገቡ የሚችሉትን ቁጥሮች ሁሉ በእርሳስ አሳንሰው ይጻፉ። እነዚህን ዕጩዎች እንላቸዋለን። ሥራው አሰልቺ ቢመስልም መዝለል አይቻልም፤ አንድ ዕጩ ቢረሳ ከዚያ በኋላ የሚደረሰው ድምዳሜ ሊበላሽ ይችላል፤ መሰረዝ ሲገባው ቢቀር ደግሞ ቀጣዩ እርምጃ ሳይታይ ሊቀር ይችላል።

ቀጥሎ ሳጥኖቹን ከረድፎችና ከዓምዶች ጋር ያስተያዩ። በላይኛው ግራ ሳጥን ውስጥ የ7 ዕጩዎች በሙሉ በአንደኛው ረድፍ ላይ ብቻ ከሆኑ፣ የዚያ ረድፍ 7 ከዚህ ሳጥን ሊወጣ ስለማይችል በረድፉ ቀሪ ስድስት ቤቶች ውስጥ ያለውን 7 ይሰርዙ። ጥንዶችም እንዲሁ ናቸው። በአንድ ረድፍ ሁለት ቤቶች 3 እና 8 ብቻ ከያዙ፣ ሁለቱ ቁጥሮች በእነዚያ ቤቶች ስለሚያልቁ ከረድፉ ሌሎች ቤቶች ይወጣሉ። ለማየት የሚከብደው የተደበቀው ጥንድ ነው፦ 2 እና 9 በረድፉ ውስጥ በሁለት ቤቶች ብቻ ቢገኙ፣ ቤቶቹ ሌሎች ዕጩዎችን ቢይዙም እንኳ እነዚያ ሌሎች ዕጩዎች ይሰረዛሉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሱዶኩው አሁንም ካልተከፈተ ወደ ኤክስ-ዊንግ ይሻገሩ። አንድ ቁጥር ብቻ ይምረጡ፤ ለምሳሌ 4 ይሁን። በሁለተኛው ረድፍ 4 ሊገባ የሚችለው በሦስተኛውና በስምንተኛው ዓምድ ብቻ ነው እንበል፤ በስድስተኛውም ረድፍ እንዲሁ በእነዚሁ ሁለት ዓምዶች ብቻ። የሁለተኛው ረድፍ 4 በሦስተኛው ዓምድ ከሆነ የስድስተኛው በስምንተኛው ዓምድ መሆን አለበት፤ የሁለተኛው ረድፍ 4 በስምንተኛው ዓምድ ከሆነ ደግሞ የስድስተኛው በሦስተኛው ይሆናል። የትኛው እውነት እንደሆነ አሁን ማወቅ አያስፈልገንም። በሁለቱም መንገድ እነዚህ ዓምዶች 4ን የሚያገኙት ከእነዚህ ሁለት ረድፎች ስለሆነ፣ በዓምዶቹ ሌሎች ቤቶች ሁሉ ያለው 4 ይሰረዛል። ዘዴው ከዓምድ ወደ ረድፍም በዚሁ መልክ ይሠራል፤ በሦስት ረድፎችና በሦስት ዓምዶች ሲሆን ሶርድፊሽ ይባላል።

ኤክስዋይ-ዊንግ ደግሞ በእኔ ግምት ከሁሉም ይበልጥ ውብ ነው፤ የሚጠይቀውም ሁለት ሁለት ዕጩ ብቻ የያዙ ሦስት ቤቶችን ነው። በአምስተኛው ረድፍ ሁለተኛ ዓምድ ላይ ያለው ቤት 3 እና 6ን ይያዝ፤ ይህ ማዕከሉ ነው። በዚያው ረድፍ ሰባተኛ ዓምድ ላይ 3 እና 9፣ በሁለተኛው ዓምድ ስምንተኛ ረድፍ ላይ ደግሞ 6 እና 9 ይኑሩ፤ እነዚህ ሁለቱ ክንፎቹ ናቸው። ማዕከሉ 3 ከሆነ የመጀመሪያው ክንፍ 9 ይሆናል፤ 6 ከሆነ ሁለተኛው ክንፍ 9 ይሆናል። ከሁለቱ ክንፎች አንዱ የግድ 9 ስለሆነ፣ ለሁለቱም የሚጋራው ቤት፣ ማለትም በስምንተኛው ረድፍ ሰባተኛ ዓምድ ላይ ያለው፣ 9 ሊሆን አይችልም።

አንድ ቁጥር በብዙ ረድፎች፣ ዓምዶችና ሳጥኖች ውስጥ ሁለት ቦታ ብቻ ሲቀረው ቦታዎቹን እያገናኙ በሁለት ቀለሞች በየተራ ይቀቧቸው። ከቀለሞቹ አንዱ በሙሉ እውነት፣ ሌላው በሙሉ ሐሰት ነው። አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው ሁለት ቤቶች በአንድ ረድፍ፣ ዓምድ ወይም ሳጥን ከተገናኙ ያ ቀለም ሐሰት ነው፤ ከተቀቡት ቤቶች ሰንሰለት ውጭ ሆኖ ሁለቱንም ቀለሞች የሚያይ፣ ማለትም ከሁለቱም ቀለሞች ጋር ረድፍ፣ ዓምድ ወይም ሳጥን የሚጋራ ቤትም ያንን ቁጥር ሊይዝ አይችልም።

ከእያንዳንዱ ስረዛ በኋላ ወዲያውኑ ወደ ቀላሎቹ ዘዴዎች ይመለሱ፤ አንድ ዕጩ መውጣቱ ብዙ ጊዜ አዲስ ጥንድ ወይም አንድ ዕጩ ብቻ የቀረው ቤት ያስገኛል፣ ያንን ትቶ ሌላ ኤክስ-ዊንግ ማደንም ድካም ብቻ ነው። በመካከል ምንም ዕጩ የሌለው ቤት ካጋጠመ ደግሞ ከቀደሙት ስረዛዎች አንዱ ስሕተት ነው ማለት ስለሆነ፣ ወደ ኋላ ተመልሰው ዕጩዎቹን ከተሰጡት ቁጥሮች ጋር እንደገና ያመሳክሩ።