የልጃችሁ የማስተርስ ገንዘብ በማን ስም ይቀመጥ?

ሰሞኑን እንደ እኔ ውጭ አገር የሚኖር ሦስት ሰው በዚሁ ጉዳይ ደወለልኝ። ሦስቱም አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ አላቸው። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ "ለማስተርሱ ከአሁኑ ትንሽ ትንሽ ላጠራቅምለት፤ ለማን ልላክ?" መልሴ አጭር ነው። ለልጁ ላኩ። በልጁ ስም፣ በልጁ ሂሳብ፣ ልጁ እያወቀ።

እኔ የላክሁት ለታላቅ ወንድሜ ነበር። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ከገባችበት ወር ጀምሮ፣ አንድም ወር ሳላዛንፍ፣ አራት ዓመት። ወንድም ጋሼ እኛን ያሳደገ ሰው ነው። አባታችን ሲሞት ትምህርቱን አቋርጦ ሥራ የገባው እሱ ነው። ታዲያ ለዚህ ሰው "ደብተሩን አሳየኝ" ይባላል? እኔ አላልኩም። ስንደዋወል "ያ ነገር እንዴት ነው?" እለዋለሁ። "አታስቢ፣ ተቀምጧል" ይለኛል። በዚሁ ያልቃል።

አንድ ጊዜ እንደምንም ደፍሬ የባንክ ደብተሩን ፎቶ እንዲልክልኝ ጠየቅሁት። ላከልኝ። ማህተሙ ይታያል፣ ከላይ ያሉት መስመሮች ይነበባሉ። የመጨረሻው መስመር ላይ ግን አውራ ጣቱ አርፎበታል። ፎቶውን አጉልቼ ደጋግሜ አየሁት። ሳያስበው ነው ብዬ ተውኩት። ያ ጣት ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ።

ልጄ የመውጫ ፈተናዋን አልፋ ተመረቀች። ውጭ ካመለከተችባቸው አንዱ ተቀበላት፣ የትምህርት ክፍያውንም ቻለላት። የቀረው ቪዛ፣ ትኬትና የመጀመሪያዎቹ ወራት መቋቋሚያ ነው። ለወንድሜ ደወልኩ። "ገንዘቡ ሥራ ላይ ነው ያለው" አለኝ። ሁለት ባጃጅ ገዝቶበታል። አንዱ ተጋጭቶ ቆሟል፣ ሌላው የሚያስገባው ለጥገናም አልበቃ ብሏል። "ትርፉ እኮ ለእሷ ነበር" አለኝ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ።

አልሰረቀኝም። ባንክ ቁጭ ብሎ ከሚረክስ ልሥራበት ብሎ ነው፤ ብሩም በእርግጥ እየረከሰ ነበር። ልጄ ግን በዚያ ዓመት አልሄደችም። ቦታዋንም ለሚቀጥለው ዓመት አላቆዩላትም።

ከሁሉ የከበደኝ እሷ ያለችኝ ነው። "እማዬ፣ ባጃጆቹ ሲገዙ አብሬው ነበርኩ። ገንዘቡ የእኔ መሆኑን ማን ነገረኝ?" ማንም አልነገራትም። ካወቀች ታባክነዋለች፣ ትዘናጋለች ብለን እኔና ወንድሜ ተስማምተን ደብቀናት ነበር። የምትጠይቅለት ልጅ እዚያው አጠገቡ ነበረች። አፏን የዘጋነው እኛ ነን።

ዘመድ አትመኑ አልላችሁም። ግን ዘመድ ሌባ ባይሆንም ችግር አለበት። እጁ ላይ የተቀመጠ ገንዘብ እንዳለ የሚታወቅ ሰው እምቢ ማለት አይችልም። አንዱ ይታመማል፣ የአንዱ ቤት ያፈሳል፣ አንዱ "ለሁለት ሳምንት ብቻ" ይላል። አደራ ስትሰጡት ይህን ሁሉ ፊት ለፊት እንዲጋፈጥ እየፈረዳችሁበት ነው። የእናንተ አደራ ደግሞ ጩኸት የለውም፣ ሩቅ ነው። ስለዚህ እናትም ትሁን አክስት፣ የቤተሰብ ያህል የሆነ ጓደኛም ቢሆን፣ ገንዘቡን አታስይዙ። መጠኑንም አትንገሩ።

"ልጁስ ቢያጠፋው?" ትሉኛላችሁ። ሊያጠፋው ይችላል። ያም ቢሆን በአራተኛው ዓመት ሳይሆን በሁለተኛው ወር ታውቁታላችሁ። ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ 18 ከሞላው ሂሳቡን ራሱ ይከፍታል፤ ባንኮች የፋይዳ (የብሔራዊ መታወቂያ) ቁጥር ስለሚጠይቁ እሱን አስቀድሞ ያውጣ። ሁለት ሂሳብ ይኑረው። አንዱ ለወር ወጪው፣ ሌላው ካርድ የሌለው የቁጠባ ሂሳብ። ሁለቱን አታቀላቅሉ።

እኔ አሁን ከልጄ ጋር የተስማማነው እንዲህ ነው። ከደመወዟ የምትቆጥበውን ያህል እኔም እጨምራለሁ። እሷ ዝም ካለች እኔም ዝም። ተማሪ ሳለች ብንጀምረው ኖሮ ከምታስጠናቸው ልጆች የምታገኘው ይበቃት ነበር። የወጪውን ዝርዝር የምትይዘው እሷ ናት፤ የፈተና ክፍያ፣ የማመልከቻ ክፍያ፣ ቪዛ፣ ትኬት። አሜሪካ ለሚሄድ ተማሪ የሴቪስ፣ ማለትም የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያው፣ ክፍያ ብቻ 350 ዶላር ነው። ጀርመን ደግሞ ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአንድ ዓመት መኖሪያ 11,904 ዩሮ ብሎክድ አካውንት (በየወሩ ተከፋፍሎ ብቻ የሚወጣ ዝግ ሂሳብ) ውስጥ አሳዩ ትላለች። ልጁ እነዚህን ቁጥሮች ራሱ ፈልጎ ሲጽፋቸው ገንዘቡን የሚያይበት ዓይን ይለወጣል።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ልጅ ኮስት ሼሪንግ (ከትምህርቱ ወጪ ተመራቂው የሚመልሰው ድርሻ) እንዳለበት አትርሱ። ኦርጅናል ዲግሪውንና ወደ ውጭ የሚላከውን ትራንስክሪፕት ለማውጣት እሱን መዝጋት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ይህ ትዝ የሚለው ማመልከቻው ሊዘጋ ሳምንት ሲቀረው ነው። አገር ውስጥ ለሚማር የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አለ፤ ወጪው ያን ያህል አይከብድም።

ሁሉን በብር አታስቀምጡ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ ሲለቀው፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ከ70 አለፈ። ጥቂት ሳይቆይ 100ን ተሻገረ። የቁጠባ ወለድ ይህን አይደርስበትም። አገር ውስጥ የሚከፈለውን በብር፣ በልጁ ሂሳብ አድርጉት። በዶላር የሚከፈለውን ግን እዚያው ባላችሁበት በስማችሁ ያዙት፣ ወይም አገር ቤት የዳያስፖራ የውጭ ምንዛሬ ሂሳብ ክፈቱ።

በእጅ፣ ማለትም ከባንክ ውጭ በሰው በኩል፣ አትላኩ። የምንዛሬው ልዩነት ያጓጓል፣ አውቃለሁ። ግን ልጁ ሂሳብ ውስጥ በየወሩ የማያውቀው ሰው ስም ይገባል። ነገ ኤምባሲው የባንክ ስቴትመንት ሲያይ "ይህ ሰው ማን ነው?" ቢለው ምን ይመልሳል? ገንዘቡን በአንድ ቀን ጠቅልሎ ማስገባትም ጥያቄ ያስነሳል። ቀስ በቀስ፣ በእናንተ ስም፣ በባንክ ይግባ።

የቀረው ውክልና ነው። ዶክመንት የሚያወጣላችሁ ሰው ካስፈለገ፣ የሚሠራውን በስሙ ጠርታችሁ ለዚያ ብቻ ስጡ። ብዙ ጊዜ የሚዘጋጀው ጽሑፍ "ገንዘብ ወጪ እንዲያደርግ" የሚል መስመር አብሮት ይመጣል። ከመፈረማችሁ በፊት አንብባችሁ አስወጡት። ውክልና በፈለጋችሁ ጊዜ ይሻራል። ግን ኤምባሲ ሄዶ መሻር ብቻውን አይበቃም፤ የመሻሪያው ሰነድ ለሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤትም ለባንኩም መድረስ አለበት። ባንኩ እስካላወቀ ድረስ በድሮው ወረቀት ያስተናግዳል።

እኔ ለወንድሜ ሰጥቼው የነበረውን ውክልና ከማንሳቴ በፊት ደወልኩለት። ከባንክ ሰምቶ እንዲያፍር አልፈለግሁም። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ "ደግ አደረግሽ። እኔም ከብዶኝ ነበር" አለኝ።